የጠበቃው እናት ያልቀዳችው ውሃ

መጀመሪያ የተሰማው ድምፁ ነው። ከሽንኩርት ማሳው ማዶ፣ ከአቧራው ውስጥ፣ ገና ምንም ሳይታይ ጉሮሮው የተሰነጠቀ የድምፅ ማጉያ ይጮኻል። «የቀወት ሕዝብ ሆይ! ድምፅህ ፍሬ አፈራ! ጠበቃችን... አብዱሰላም ሳልህ... የምክር ቤት ተወካያችን...» ይቆረጣል፣ ያፏጫል፣ ደግሞ ይቀጥላል። የመንደሩ ውሾች አብረውት ጮኹ። ከዚያ በኋላ ነው ባጃጇ ብቅ ያለችው፤ ማጉያ ጣሪያዋ ላይ የታሰረባት፣ በግራ በቀኝ ሰው የተንጠለጠለባት፣ ከጭነት ብዛት ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ ምስኪን ባጃጅ። መሪያም በራፏ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ከጎኗ የቆመችው ጎረቤቷ የሺ ግን እጇን አፏ ላይ አልጫነችም፤ እልልታዋን አቀለጠችው።

«እልልል! መሪያሜ፣ ልጅሽ ንጉሥ ሆነ!»

«ኧረ ዝም በይ አንቺ! ንጉሥ አይደለም፣ ተወካይ ነው ይላሉ።»

«ይበሉ! ንጉሥም ይሁን ተወካይ፣ ውሃ ያምጣልን እንጂ!»

ሁለቱ ሴቶች እየተቃቀፉ ሳቁ። አቤት ያ ሳቅ! የሰው ልጅ የነገውን ቢያውቅ ኖሮ እንዲያ አፉን ከፍቶ ይስቅ ነበርን?

የዚያን ቀን ደስታ ለመረዳት የአባትየውን ኀዘን ማወቅ ያስፈልጋል። ሟቹ ሳልህ እቤቱ ተቀምጦ ሲያወጋ ሰው ምሳውን የሚረሳለት ጨዋታ አዋቂ ነበር። ዳኛ ፊት ሲቆም ግን ምላሱ ይታሰራል። የወንዝ ዳር መሬቱን አንድ ጉልበተኛ እየገፋ ሲወስድበት ከሰሰ። ቀጠሮ ተባለ። ሄደ፤ ቀጠሮ። ደግሞ ሄደ፤ ደግሞ ቀጠሮ! በዚያ አስፋልት በሚያቀልጥ የሮቢት ፀሐይ ትልቁን ልጁን አብዱሰላምን እጁን ይዞ ተመላለሰ። በመጨረሻ «የምትለው አለህ?» ሲባል፣ «ጌታዬ... መሬቱ እኮ... የኔ ነው» ከማለት በቀር ቃል ጠፋው። ተረታ። ብዙም አልቆየ፤ መሬቱን ተከትሎ እሱም አፈር ገባ። ልጁ ግን የአባቱ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ አይቷል። ያን ከንፈር ያየ ልጅ ጠበቃ ካልሆነ ምን ሊሆን ኖሯል?

ጠበቃ ለመሆን ደግሞ የሚያርስለት ሰው ያስፈልገው ነበር። ታናሽየው ኑዕማን ደብተሩን ዘግቶ ሞፈሩን አነሣ። «አንተ ተማር አብዱ፣ እኔ ለሁለታችንም አርሳለሁ» አለ፤ አረሰም። አብዱሰላም በኑዕማን ሽንኩርትና በኑዕማን ማሾ ተማረ፣ በኑዕማን ላብ ተመረቀ፣ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያው አጠገብ ጽሕፈት ቤት ከፈተ። ምላሱ ስለት ነበር። «አብዱሰላም የያዘው ጉዳይ ሞቶም ይነሣል» እስኪባል ድረስ ስሙ ከማጀቴ እስከ ቀወት ናኘ። ሚስት እንኳ ለማግባት ጊዜ አላገኘም። ድሆች ወደዱት፣ መረጡት። ምክር ቤት ሲጠራ ይሄዳል፣ ስብሰባው ሲበተን ወደ ደንበኞቹ ይመለሳል። እውነት ለመናገር የተመረጠበትን አልረሳም፤ እየጮኸ፣ በየቢሮው ደጅ እየጠና፣ ለመንደሩ ቦኖ አስገባ። ቧንቧው በተከፈተ ቀን የሺና መሪያም «አንቺ ቅጂ»፣ «የለም አንቺ ቅጂ» ሲባባሉ ግማሹ ውሃ ፈሶ አለቀ።

የእነዚህ ሁለት ሴቶች ፍቅር ተራ የጎረቤት ፍቅር አልነበረም። የሺ ባሏ የሞተባት ክርስቲያን ናት፣ መሪያም ባሏ የሞተባት ሙስሊም። የሺ አንድ ልጇን ሚኪያስን ስትወልድ ታማ ጡቷ ደረቀ። በዚያው ሰሞን ኑዕማንን የወለደችው መሪያም ሕፃኑን ታቅፋ ወሰደችው፤ አንዱን ጡት ለኑዕማን፣ አንዱን ለሚኪያስ ሰጠች። ሁለቱ አብረው ዳኹ፣ አብረው አደጉ፣ አገሩም «መንታዎቹ» አላቸው። አንዱ ለጁምዓ አንዱ ለሰንበት ከመለያየታቸው በቀር ተለያይተው አያውቁም።

እንግዲህ እንዲህ የተጋመደውን ቤት ምን ሊፈታው ይችላል? ጠላት አልፈታውም። የፈታው ውሃ ነው... ተራው ያልደረሰ የመስኖ ውሃ!

በጋው ከረረ። የቦዩ ውሃ ቀጠነ፣ ገበሬው በተራ ማጠጣት ጀመረ። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ፣ በሚኪያስ ተራ፣ ኑዕማን የቦዩን መዝጊያ ከፍቶ ውሃውን ወደ ራሱ ችግኝ መለሰው።

«ዝጋ መንታዬ፣ ተራው የኔ ነው!» አለ ሚኪያስ ከታች እየመጣ።

«ችግኜ ሊሞት ነው። ትንሽ ብቻ ላርጥበው።»

«ያንተ ችግኝ መቼ ሳይሞት ቀርቶ ያውቃል? ወንድምህ ምክር ቤት አይደል እንዴ? ዝናብ ያስወስንልህ!»

ሌላ ቀን ቢሆን ኑዕማን ራሱ ይስቅ ነበር። የዚያን ቀን ፀሐዩ አናቱን በጥብጦታል፣ ሆዱ ባዶ ነው፣ ችግኙ ዓይኑ እያየ ጠውልጓል። ገፋው። በቃ፣ አንድ ጊዜ ገፋው! ሚኪያስ ወደ ኋላ ሄደ፣ እግሩ ጭቃ ላይ ከዳው፣ አናቱ ከመዝጊያው ሲሚንቶ ጋር ተላተመ። «ሚኪ... ሚኪ ተነሣ... አትቀልድ...» ሚኪያስ አልተነሣም።

ኑዕማን በሽንኩርቱ መሐል እየወደቀ እየተነሣ ሮጠ። ወዴት ይሮጣል? ወደሚያውቀው፣ ወደሚያድነው፣ ወደ ወንድሙ! አብዱሰላም ለምክር ቤት ስብሰባ ሊዘጋጅ እናቱ ቤት መጥቶ ወረቀት ሲያገላብጥ ነበር። መሪያም ጤፍ ልታስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄዳለች።

«አብዱ! ገፋሁት... ሚኪን ገፋሁት... አልነሣ አለኝ!»

ወይ ጉድ! ሰው የሆነ ሰው በዚህች ቅጽበት ምን ይላል? «የት ነው?» ይላል፤ «ይተነፍሳል ወይ?» ይላል፤ ባዶ እግሩን ይሮጣል። አብዱሰላም ግን ሰው ከመሆኑ በፊት ጠበቃ ሆነ። በሩን ዘጋና እንዲህ ሲል ጠየቀ፦

«ማን አየ?»

«ማንም... ማንም የለም።»

«እንግዲያው ስማኝ። አንተ እዚያ አልነበርክም። ከእንግዲህ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ፤ ለእናታችንም ቢሆን።»

«አብዱ፣ ቢያንስ ሄደን እናንሣው...»

«ከሄድክ አለቀልህ! እኔን አስተምረህ አንተን እስር ቤት ልጣልህ? ተቀመጥ!»

ኑዕማን ተቀመጠ። ሕይወቱን ሙሉ ያመነውን ወንድሙን አመነ። ወዮ፣ ምነው ያን ጊዜ ባላመነው! ሚኪያስ እኮ አልሞተም ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጇ ሲቆይባት ፍለጋ የወጣችው የሺ ነፍሱ ሳይወጣ አገኘችው። በባጃጅ አቅፋው ወደ ሐኪም ስትበር፣ አስፋልቱ ጋ ሳይደርሱ፣ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ «እማዬ... ውሃውን ዝጊው» አላት። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። የሞት መልአክ ሲጠራው እንኳ ስለ ውሃ የሚያስብ የገበሬ ልጅ!

በዚያ አገር ደም ፈሶ ገዳዩ ሲጠፋ ሰው ዝም ብሎ ወደ እርሻው አይሄድም። አውጫጭኝ ይቀመጣል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሾላው ሥር ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ ተራ በተራ ቆሞ፣ በእምነቱ ምሎ፣ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። ደመኛው ራሱ «እኔ ነኝ» ብሎ ከተናገረ ሽማግሌ መሐል ገብቶ፣ ሁለቱን ቤት አስታርቆ ደሙን ያደርቃል፤ የመንግሥቱ ፍርድ ለመንግሥት ይቆያል። የሚፈራው መናገር አይደለም፣ መሸሸግ ነው። የተሸሸገ ደም አይደርቅማ!

ተራው ደረሰ። ሸኽ አሊዪ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተክለው «የሳልህ ልጅ፣ ኑዕማን፣ ና ልጄ፣ ቁም» አሉ። ኑዕማን ተነሣ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ወደ የሺ ተመለከተ፤ ጥቁር የለበሰችው የሺም ወደ እርሱ ተመለከተች። አፉን ሊከፍት ሲል ከክብር ወንበሩ ላይ አብዱሰላም ዘሎ ተነሣ።

«በሕግ አምላክ! ማንም ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም! ይህ ስብሰባ ሕጋዊ መሠረት የለውም። ፖሊስ አለ፣ ዐቃቤ ሕግ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ!»

ነገረኛው ሽማግሌ ጋሼ ከበደ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የተከበሩ ተወካያችን፣ እኛ ማንን አስገደድን? ከወንድምህ በፊት ስንቱ ሲምል ሕጉ የት ሄዶ ነበር? አሁን ገና ነው እንዴ ከእንቅልፉ የነቃው?»

ማንም አልሳቀም። ያን ጊዜ ሁሉም አወቀ። የሺም አወቀች። ጠበቃው ወንድሙን ሊሸፍን በዘረጋው እጅ ወንድሙን ጠቆመ!

ሸኽ አሊዪ ቀስ ብለው ተነሡ። «ሕግ አለኝ ካልክ ሕግህን ይዘህ ሂድ፣ ልጄ። ነገር ግን ፍርድ ቤት ሰው ይፈታል እንጂ ደም አያደርቅም» ብለው ሄዱ። ጉባኤው ተበተነ።

ኑዕማን በጥርጣሬ ተያዘ፣ ታሰረ። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደራረበ። ጠበቃው ማን ይሆናል? አብዱሰላም ነዋ! ምስክር ሆና የቆመችው ደግሞ የሺ ነበረች፤ በልጅነቱ ንፍጡን የጠረገችለት፣ በተመረጠ ቀን እልል ያለችለት የሺ።

«ወይዘሮ የሺ፣ ልጅዎን ማን እንደገፋው በዓይንዎ አይተዋል?»

«አላየሁም።»

«ልጅዎ ከመሞቱ በፊት የሰው ስም ጠርቶልዎታል?»

«ውሃውን ዝጊው ነው ያለኝ...» አለች። ወደ እሱም ዘንበል ብላ፣ በለሆሳስ፣ እቤቷ እንደምታናግረው ሁሉ፣ «አብዱዬ፣ ልጄ፣ አንተስ የምታውቀው የለም?» አለችው።

ዳኛው «ምስክር ጥያቄ አይጠይቅም» አሉ። አብዱሰላም ወረቀቱን አገላበጠ።

ማስረጃ ጠፋ። ኑዕማን በነፃ ተለቀቀ። ደንበኞቹ የጠበቃውን እጅ እየጨበጡ «አላልንም? አንተ የያዝከው መች ይረታል!» አሉት። አዎ፣ አልተረታም። ግን ምን አሸነፈ? ኑዕማን እቤቱ እንደገባ የእናቱ ጉልበት ሥር ተደፍቶ ሁሉንም ነገራት። መሪያም አልጮኸችም። ለረጅም ጊዜ ደረቷን ይዛ ቆየች፤ ያንን ሁለት ልጅ ያጠባችበትን ደረት። «ልጄን ልጄ ገደለብኝ... ለማን ላልቅስ?» አለች።

በማግስቱ ጄሪካኗን አንጠልጥላ ወጣች። ቦኖው ጋ ሴቶች ተሰልፈዋል፣ የሺም አለች። መሪያም ሰልፉን አልፋ፣ ልጇ ያስገባውን ቧንቧ አልፋ፣ ቁልቁል ወደ ወንዝ ወረደች። ሴቶቹ ተያዩ። ነገሩን ማስረዳት አላስፈለገም፤ ደም ያለባቸው ሁለት ቤቶች ደሙ እስኪደርቅ ከአንድ ውሃ አይቀዱም። ፍርድ ቤት «ማስረጃ የለም» ያለውን ነገር አንዲት አሮጊት በጄሪካኗ መሰከረች! የሺ የሞላ ጄሪካኗን እዚያው ትታ፣ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና እያለቀሰች ወደ ቤቷ ገባች።

አብዱሰላም ተበሳጨ። «እማዬ፣ ያ የወንዝ ውሃ ቆሻሻ ነው! እኔ ለዚያ ቦኖ ስንት ቢሮ እንደለመንኩ ታውቂያለሽ? ልጅሽ ነፃ ነው፣ ዳኛ ፈርዶለታል!» ቢላት፣ «ዳኛው ሚኪን አላጠባውም» አለችው። ውሃ በመኪና አስጭኖ ላከላት፤ ለከብት አጠጣችው። ምን ያድርግ? ሕግ ቢጠቅስላት አትሰማ፣ ቢቆጣት አትደነግጥ። ስንቱን ባለሥልጣን በምላሱ ያንበረከከ ሰው እናቱን አንድ ብርጭቆ ውሃ ማጠጣት አቃተው!

የወንዙም ውሃ አልማራትም። ተቅማጡ፣ ትኩሳቱ፣ ታይፎይዱ እየተፈራረቀ ጣላት። ሐኪም መድኃኒት ሰጣት፣ «ንጹሕ ውሃ ብቻ ትጠጣ» አለ። አሁንም የወንዙን ውሃ አምጡልኝ አለች። አልጋዋ ላይ እንደ ደረቀ የማሽላ አገዳ ስትቀጥን፣ አብዱሰላምን እጁን ይዛ ለመነችው።

«ሽማግሌዎቹን ጥራልኝ። ኑዕማን ይናገር፣ አንተም ተናገር። ከየሺ ጋር ውሃ ጠጥቼ ልሙት።»

«ከተናገረ ጉዳዩ እንደገና ይከፈታል፣ እማዬ! እኔም አለሁበት... ስሜ፣ ሥራዬ... ትንሽ ታገሺኝ። ለስብሰባ ተጠርቻለሁ፣ ደርሼ ስመለስ ኢንሻአላህ...»

መሪያም ዓይኗን ጨፈነች። «አንተም ቀጠሮ ትሰጠኛለህ?» አለችው።

ያን ቃል ሰምቶ ግን ሄደ። እንዴት ሄደ? እግሩ እንዴት ታዘዘለት? ምክር ቤት ገብቶ፣ እጁን አውጥቶ፣ ፍትሕ ከደጃፉ ለራቀበት ድሃ ተናገረ። ጥሩ አድርጎ ተናገረ። ተጨበጨበለት። ሲቀመጥ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይነዝር ነበር።

ኑዕማን ነበር። ወንድሙን መጠበቅ አቅቶት፣ ብቻውን፣ ጫማውን አውልቆ፣ የየሺ ደጅ ላይ ተንበርክኮ «መንታዬን የገደልኩት እኔ ነኝ» ብሏል። የሺ ምን እንዳለችው ማንም አልሰማም። ወጥታ ቦኖው ጋ ስትሄድ፣ በጣሳ ውሃ ስትቀዳ፣ ውሃው እንዳይፈስ እየተጠነቀቀች ወደ መሪያም ቤት ስትገባ ግን መንደሩ በሙሉ አይቷል።

«መሪያሜ፣ እኔ ነኝ። ጠጪ... ልጅሽ ነገረኝ... ጠጪ እህቴ!»

መሪያም አየቻት። አወቀቻት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከንፈሯ ግን ሊከፈት አልቻለም። የሺ ጣሳውን አዘነበለች፤ ውሃው በጉንጯ ወርዶ ትራሱን አራሰው። አንዲት ጠብታ እንኳ አልገባም! ቀድማ አንድ ቀን ብትመጣ... ኑዕማን ቀድሞ አንድ ቀን ቢናገር... አብዱሰላም ባይሄድ... ግን ማን ቀኑን ይመልሳል?

አብዱሰላም ሲደርስ ጀናዛው ተቀብሯል። ድንኳኑ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተቀምጧል። ደም የተሸሸገበት ቤት ብለው ለወራት ደጁን ያልረገጡት ሁሉ መጥተዋል፤ የመጡት ኑዕማን ስለተናገረ ነው። ሸኽ አሊዪ ዱዓ አደረጉና ውሃ የሞላ ጣሳ አስመጥተው መሐል ላይ አስቀመጡ።

«ሟቿ የለመነችው ይህንን ነበር፤ አልደረሰችበትም። ለቀሩት ግን ይድረስ። የገፋው ተናግሯል። ነገ ደግሞ ራሴ ሄጄ ለፖሊስ እጄን እሰጣለሁ ብሏል። የቀረው የሸሸገው ነው። የተከበርከው... አይ፣ የሳልህ ልጅ፣ አብዱሰላም፣ የሺ አንድ ነገር ትጠይቅሃለች። ከመለስክላት ከዚህ ጣሳ ትጠጣለች፣ እናንተም ትጠጣላችሁ፣ ደሙ ይደርቃል።»

የሺ ጣሳውን በሁለት እጇ አነሣች። ድምፅዋ ልስልስ ነበር። «ኑዕማን ሮጦ ሲመጣብህ ልጄ ነፍስ ነበረው። ያን ጊዜ ምን አልከው?»

ስንት ቀን ለስንት ሰው ተናግሯል! ለሌባው፣ ለተበዳዩ፣ ለድሃው፣ ለምክር ቤቱ። አሁን ግን ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። አንቀጽ ፈለገ፤ የለም። ማስተባበያ ፈለገ፤ የለም። ኑዕማን ጎኑ ተቀምጦ በጉንጩ እንባው ይወርዳል።

«ማን አየ? ነው ያልኩት፣ እትዬ የሺ» አለ አብዱሰላም። «ይተነፍሳል ወይ አላልኩም። ሄደን እናንሣው ሲለኝ በሩን ዘጋሁበት። ሌላ የምለው የለኝም።»

አቤት ዕድል! የአባቱን አፍ ሊሆን የተነሣ ልጅ የእናቱን የመጨረሻ ቃል ሳይሰማ ቀረ፤ ለአገር ውሃ ያመጣ ሰው እቤቱን በጥም ገደለ። ይህንን የጻፈው ማን ነው? እጣ ፈንታ ነው? ወይስ እኛው በገዛ አፋችን የምንጽፈውን በእጣ ፈንታ እናሳብባለን? እውነት ቢዘገይም እውነት ነው ይላሉ፤ የዘገየ ውሃ ግን ለሞተ ችግኝ ምን ይፈይዳል?

ሁሉም የሺን ተመለከተ። የሺ ጣሳውን ወደ አፏ አልወሰደችም፤ መልሳም አላስቀመጠችውም። ለጥቂት ጊዜ ውሃውን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ተነሣች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«የሺ?» አሉ ሸኽ አሊዪ።

የሞላውን ጣሳ እንደያዘች፣ እሷም ሳትጠጣ ለማንም ሳታጠጣ፣ ጠብታ ሳይፈስባት፣ በተቀመጠው ሰው መሐል አልፋ ከድንኳኑ ወጥታ ሄደች።